መከላከያ ለመጀመርም ለማቆምም፦ በባሕር ዳር የገጠመኝ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ስለ እርግዝና መከላከያ በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገን ይከራከራል። አንዱ መከላከያው ዘራችንን ለማሳነስ የመጣ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ የተጠቃሚው ቁጥር ከፍ እስካለ ድረስ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስለዋል። እኔ በዚሁ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የማስተምር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሁለቱም አስተሳሰብ ጋር በጤና ተቋም ውስጥ ተገናኝቻለሁ፤ አንድ ጊዜ መከላከያ ልጀምር ብዬ ስሄድ አይሆንም ተባልሁ፣ በኋላ ደግሞ የጀመርሁትን ላቁም ብል እንደገና አይሆንም ተባልሁ። ክልከላዎቹ ተቃራኒ ቢመስሉም በሁለቱም ጊዜ የእኔ ፈቃድ ከሌላ ሰው ሐሳብ በታች ተቆጥሮ ነበር። ተመሳሳይ ነገር የሚገጥማት ሴት ምን ማለትና ወዴት መሄድ እንደምትችል እንድታውቅ የሆነውን በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ሁለተኛ ልጄን የኩፍኝ ክትባት ላስከትብ ለቤቴ ወደሚቀርበው ጤና ተቋም በሄድሁበት ዕለት፣ በዚያው ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ጎራ አልሁ። በክንድ የሚቀበረውን ለማስገባት አስቀድሜ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግሬ ወስኜ ነበር። ተረኛው ባለሙያ ካርዴን አገላብጦ «ባለቤትሽ ያውቃል?» አለኝ። እንደሚያውቅ ነገርሁት። «እንግዲያው ይዘሽው ነይ፤ ካልሆነም ፈቃዱን በወረቀት አስጽፈሽ አምጪ» አለ። ባለቤቴ በዚያ ሰሞን ለሥራ ደብረ ታቦር ነበር። ወረቀቱን የሚጠይቀው የትኛው ሕግ እንደሆነ በትሕትና ብጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሕግን ከማንሣት ተቆጠበና፣ ይህን ሥራ በእምነቱ ምክንያት እንደማይወድደው፣ ለእኔም ቢሆን ከንስሐ አባቴ ጋር መማከር እንደሚሻለኝ ይመክረኝ ጀመር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገርም ለእኔ ያሰበ መስሎት እንደነበር ከፊቱ ይነበብ ነበር። ከንስሐ አባቴ ጋር ግን አስቀድሜ ተነጋግሬአለሁ፤ የተነጋገርነውም በእኔና በእርሳቸው መካከል የሚቀር ነው። የጤና ባለሙያ ያንን ጉዳይ ከክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የማንሣት ሥልጣን አልተሰጠውም።

በዚያች ሰዓት የረዳኝ ነገር ሕጉን በመጠኑ ማወቄ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9፣ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከልና ጤንነታቸውን ለማስጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መብቱ የተጻፈው ለሴቶች ነው፤ ያገባች፣ ያላገባች፣ ባሏ የፈቀደላት የሚል ቅድመ ሁኔታ የለበትም። ባል በጽሑፍ ካልፈቀደ መከላከያ አይሰጥም የሚል ሕግም የለም። ከዚህ በተጨማሪ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299፣ የጤና ባለሙያ የግል እምነቱን ምክንያት አድርጎ እንደ እርግዝና መከላከያ፣ በሕግ እንደተፈቀደ ጽንስ ማቋረጥና ደም መስጠት ያሉ አገልግሎቶችን ሊከለክል እንደማይችል በግልጽ አስቀምጦ ነበር። የደንቡን ነገር የነገረችኝ በትምህርት ቤታችን የሥነ ዜጋ መምህርት የሆነች ባልደረባዬ ናት፤ ሁልጊዜም አመሰግናታለሁ።

ስለዚህ አልተጨቃጨቅሁም፤ ተነሥቼም አልወጣሁም። ያልሁት ይህን ብቻ ነው፦ «ወንድሜ፣ የከለከልኸኝን ምክንያት ካርዴ ላይ ጽፈህ ፈርምልኝ፤ ወደ ኃላፊው ይዤው እሄዳለሁ።» ይህችን ዓረፍተ ነገር እያንዳንዷ አንባቢ በቃሏ እንድትይዛት እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በቃል ሲነገር የሚቀልለው ክልከላ ስምና ፊርማ ሲጠየቅበት ይከብዳል። ባለሙያው ብዕሩን አንሥቶ ጥቂት ካሰበ በኋላ ራሱ ተነሥቶ ኃላፊዋን ጠራት። እርሷም ሌላ ነርስ መደበችልኝ፤ በዚያው ዕለትም ተገባልኝ። ነርሷ እርጉዝ አለመሆኔን የሚያረጋግጡ ጥያቄዎችን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፣ ደም ግፊቴን ለካች፣ ከዚያም በግራ ክንዴ ውስጠኛ ጎን ማደንዘዣ ወግታ የክብሪት እንጨት የምታህለውን ባለ 4 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ከቆዳዬ ሥር አስገባችው። ዘንጓ ለሦስት ዓመት የምታገለግለው ኢምፕላኖን የሚሉት ዓይነት ናት። ጣቴን ይዛ በቆዳዬ ላይ አስዳሰሰችኝ፤ ዘንጓ በእጅ ካልተዳሰሰች በትክክል አለመግባቷን ወይም ቦታ መቀየሯን ሊያሳይ ስለሚችል ይህን ማድረግ እንደማይዘነጋም ነገረችኝ። ለአገልግሎቱ አንድም ብር አልከፈልሁም፤ በመንግሥት ጤና ተቋም መከላከያ በነጻ ነው።

ክርክሩ ግን ከጤና ተቋሙ ተከትሎኝ ቤት ገባ። በፋሲካ ማግስት ሽምብጥ በሚገኘው የአማቶቼ ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ስለ ክንዴ ሰምቶ ኖሮ ነገሩን በግልጽ አነሣው። «ልጄ፣ አንቺን አልወቅስም፤ ግን ይህ ነገር ለምን በእኛ ክልል እንዲህ እንደተስፋፋ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ያነሣው ጉዳይ ከባዶ ሜዳ የመጣ አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ አስቀድሞ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ በመገኘቱ ጉዳዩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጭምር ጥያቄ አስነሥቷል። ቀጣዩ ቆጠራ ደግሞ ቀኑ በተደጋጋሚ እየተራዘመ ቀርቷል። ሰው አጥጋቢ መልስ ሲያጣ የራሱን መልስ ይፈልጋል፤ ብዙዎችም መልሱን በሦስት ወር መርፌ ላይ አሳርፈውታል።

እኔ በአክብሮት የመለስሁለት እንዲህ ብዬ ነው። «ጋሼ፣ የቆጠራው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን በታማኝነት የተካሄደ ቆጠራ ነው እንጂ የእኔ ክንድ አይደለም።» በክልላችን የወሊድ መጠን መቀነሱ እርግጥ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የአማራ ክልል ሴት በዕድሜዋ በአማካይ ትወልድ የነበረው 5.9 ልጆች ሲሆን፣ በ2008ቱ ጥናት 3.7 ሆኗል። በዚያው የ2008 ጥናት በክልሉ ካገቡ ሴቶች 47 በመቶ ያህሉ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ይህን ቁጥር አይቶ አንድ የተደበቀ እጅ መፈለግ ለእኔ የእናቶቻችንን አእምሮ መናቅ ነው። በአቸፈርም ሆነ በደራ ያለች ገበሬ ሴት የቤተሰቡ መሬት በልጆች ቁጥር ሲከፋፈል በዐይኗ አይታለች፤ ስንት ልጅ ማስተማር እንደምትችልም ከማንም በላይ የምታውቀው እርሷ ናት። የሴት ልጅ ጋብቻ እየዘገየ፣ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት እየቆዩ መምጣታቸውም የራሱ ድርሻ አለው።

የባለቤቴ ወንድም ከተናገረው ውስጥ አንዱን ግን በዚያን ዕለት ቀለል አድርጌ ብሰማውም በኋላ ክብደቱ ገብቶኛል። «መንግሥት ዕቅድ አውጥቶ ነው የሚያስወጋችሁ፤ ዕቅድ ያለበት ነገር ደግሞ ምርጫ አይባልም» ነበር ያለው። እውነት ነው፣ በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ በቁጥር የተቀመጠ ግብ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ የወሊድ መጠኑን ከ7.7 ወደ 4 ማውረድ፣ የመከላከያ ተጠቃሚዎችን ከ4 ወደ 44 በመቶ ማሳደግ ይላል። ይኸው ፖሊሲ መከላከያን በይፋ ማስተዋወቅን የሚገድቡ የሕግ አንቀጾች እንዲሻሻሉም የጠየቀ ነው፤ በንጉሡ ዘመን የወጣው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ማስታወቂያውን ይከለክል ነበርና። መብቱ የሰፋውም ሆነ ቁጥሩ የታቀደው በአንድ ሰነድ ውስጥ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። የአገር ግብ እስከ ጤና ኬላ ድረስ ወርዶ በየወሩ ግምገማ የሚጠየቅበት ቁጥር ሲሆን፣ አዲስ ተጠቃሚ ማስመዝገብ የሚያስመሰግን፣ የተጠቃሚ ማቆም ግን እንደ ጉድለት የሚታይ ሥራ ይሆናል። ይህንን በራሴ ላይ አየሁት።

ኢምፕላኖኑ ከገባልኝ በኋላ ደሜ ሥርዓቱን አጣ። ጥቂት ቀን ቆሞ ይመለሳል፤ ብዙ ባይሆንም አያቋርጥም። በተለይ በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ መሆኑ የተለመደ እንደሆነ፣ ለጤናም አደገኛ እንዳልሆነ አስቀድሞ ተነግሮኝ ስለነበር አልደነገጥሁም፤ ታገሥሁም። ነገር ግን ለእኔና እንደ እኔ ላለች ምእመን ይህ የንጽሕና ጨርቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ደም እያለ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ከቤተሰቤ ጋር በጀልባ ዘጌ ተሻግሬ፣ ሁሉም ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲገቡ እኔ ከውጭ ከቡናው ዛፎች ሥር ቆሜ ቅዳሴውን ከሩቅ ሰማሁ። በዚያ ዓመት ሳልቆርብ ቀረሁ። ማንኛዋም የቤተሰብ ምጣኔ አማካሪ ስለ ደም መዛባት ስታስረዳ ይህንን ካላነሣች፣ በእኛ አገር ላለች ሴት ዋናውን ነገር አልነገረቻትም ብዬ አምናለሁ።

ላስወጣው በሄድሁበት ተቋም የተሰጠኝ መልስ «ገና ሦስት ዓመቱ አልሞላም፤ ስንት ገንዘብ የወጣበት ነው፤ ትንሽ ታገሺው» የሚል ነበር። ሌላ ቀን ስመለስ «የምታወጣዋ ባለሙያ ሥልጠና ላይ ናት» ተባልሁ። የመጀመሪያው መልስ ከሕግ ውጭ ነው፤ ሕክምና የሚሰጠው በታካሚዋ ፈቃድ ነውና ፈቃዷን ባነሣች ጊዜ ይቆማል፤ ሦስት ዓመት ማለትም መድኃኒቱ የሚሠራበት የመጨረሻ ጊዜ እንጂ የመቆያ ግዴታ አይደለም። ሁለተኛው መልስ ግን ሥር የሰደደ ችግር አለበት። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ኢምፕላኖን እንዲያስገቡ ሲሠለጥኑ፣ የማውጣቱ ሥራ ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ተተወ። በመሆኑም በየቀበሌው በደጃፍ የሚገባው ነገር ለመውጣት ረጅም መንገድ ይጠይቃል። አንዲት የዘጌ እናት ወረፋ ስንጠብቅ የነጠላዋን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ክንዷን አሳየችኝ፤ ተመላልሳ የሚያወጣላት ስታጣ በምላጭ ራሷ ልታወጣው ሞክራ ቆዳዋ ተቋጥሮ ድኗል፤ ዘንጉ ግን እዚያው አለ። «እታለም፣ ማስገባቱን ቤቴ ድረስ መጥተው ነው የለመኑኝ» ብላኝ ዝም አለች። ከዚህች ሴት መንደር ወሬው እንዴት እንደሚዛመት መገመት አያስቸግርም፤ መከላከያ የዘር ማጥፊያ ነው ለሚለው ሰው ከዚህ ክንድ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

እኔ ከዚያ በኋላ በስልክ አስቀድሜ ጠይቄ፣ ማውጣት የሚሰጥበትን ቀን አረጋግጬ ወደ ሌላ ጤና ተቋም ሄድሁ። የተቀበለችኝ ሲስተር በመጀመሪያ ደሙን የሚያስተካክል መድኃኒት ሞክሬ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ምርጫው እንዳለ አስረድታ ውሳኔዬን ጠበቀች። ማስወጣት እፈልጋለሁ ስላት ሳትከራከር ማደንዘዣ ወግታ፣ ጥቂት ሰንጥቃ አወጣችው፤ ከማስገባቱ ትንሽ የቆየ እንጂ የሚያስፈራ አልነበረም። ዘንጓ በሙሉ መውጣቷን እንዳይ በጨርቅ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ሌላ መከላከያ ካልተተካ ወዲያው ማርገዝ እንደሚቻል ስለነገረችኝ በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን፣ ሆርሞን የሌለውን ሉፕ መረጥሁ። የወር አበባዬ በዝቶብኛል፤ ቀኑን ግን ስለሚጠብቅ ለእኔ ተስማምቶኛል። ለሌላዋ የማይስማማ ሊሆን ይችላል።

ያላገቡ ልጃገረዶችን በሚመለከት አጭር ነገር ልበል። የእኅቴ ልጅ የኮሌጅ ተማሪ ሆና መከላከያ ስትጠይቅ «አግብተሻል?» ተብላ አፍራ ተመልሳለች። የጤና ሚኒስቴር የቤተሰብ ምጣኔ መመሪያ አገልግሎቱን የሚሰጠው በመውለድ ዕድሜ ላይ ላለ ሁሉ፣ ጋብቻ ሳይጠየቅ ነው። ፖስት ፒል የሚባለውን ድንገተኛ መከላከያ የምትፈልግ ደግሞ መዋጥ ያለባት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ በሆነ ቁጥር የተሻለ መሆኑን ማወቅ ስላለባት፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚያስመልጣት ሰዓት ዋጋ አለው።

ሰሞኑን ደግሞ ክርክሩ ሌላ መልክ ይዟል። ቡና ላይ ስንቀመጥ «አሜሪካ ራሷ ልትከለክለው ነው፤ ለእኛ ግን ስትልክ ኖረች» የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ። እዚያ ያለው ነገር እንዲህ ነው። በአሜሪካ መከላከያ አልተከለከለም። ነገር ግን መብቱ በሕገ መንግሥታቸው በስሙ ተጠርቶ የተጻፈ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግሪስወልድ በተባለው የኮነቲከት ጉዳይ ለባለትዳሮች፣ በ1972 ደግሞ ላላገቡ በሰጠው ፍርድ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ያው ፍርድ ቤት የጽንስ ማቋረጥን መብት ሲሽር፣ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በተለየ ጽሑፋቸው የመከላከያው ፍርድም እንደገና መታየት አለበት አሉ። ከዚያ ወዲህ መብቱን በሕግ ለማጽናት የቀረበው ረቂቅ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በሴኔቱ 51 ለ39 ድምፅ ቢያገኝም፣ ለመቀጠል የሚያስፈልገው 60 ስለነበረ እዚያው ቆመ። እኛ ጽሑፉ በሕገ መንግሥታችን አለን፤ የጎደለን ጽሑፉን ወደ አገልግሎት ክፍሉ የሚያደርሰው ነገር ነው።

የእነርሱ ክርክር እኛን የሚነካን በአቅርቦት በኩል ነው። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ዩኤስኤአይዲ የተባለውን የውጭ እርዳታ ድርጅቱን ሥራ ሲያቆም ለቤተሰብ ምጣኔ ይሰጥ የነበረው ድጋፍም ተቋረጠ። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ከጣና ማዶ ያለች ሴት የመርፌዋ ቀን ያልፋታል። ለእነዚህ እናቶች መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ የሦስት ወር መርፌ ቀኑ ቢያልፍም እስከ አራት ሳምንት ድረስ ዘግይቶ መወጋት ይቻላል፤ ስለዚህ ቀኑ አለፈ ብሎ ተስፋ ቆርጦ መተው አያስፈልግም። ከአራት ሳምንት ካለፈ ግን እርግዝና አለመኖሩ መጣራት አለበት። መርፌውን አቁማ ማርገዝ የምትፈልግ ደግሞ ወዲያው ባይመጣላት አትደንግጥ፤ ለማርገዝ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም አንድ ዓመት ያህል ሊቆይ ይችላል እንጂ መካን አያደርግም። ይህ መዘግየት አስቀድሞ ስለማይነገር ነው «መርፌው ማህፀን ያደርቃል» የሚለው ወሬ የተስፋፋው።

በቀበሌያችን የሴቶች ውይይት ላይ ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ሁለት ጥያቄዎችን በጽሑፍ አቅርበናል። አንደኛው፣ በክንድ የሚቀበረውን ማውጣት በየትኛው ተቋም፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ በግልጽ እንዲለጠፍ ነው፤ ይህ ተፈጽሞ በአቅራቢያችን ባለው ጤና ተቋም ካርድ ክፍሉ አጠገብ ተለጥፏል፤ ለማውጣት የሚመጡ ሴቶችም ለብቻ መመዝገብ ጀምረዋል። ሁለተኛው፣ የውጭ ድጋፍ በተቋረጠበት በዚህ ጊዜ ከተማ አስተዳደሩ ከራሱ በጀት ለመከላከያ ግዥ ምን ያህል መድቧል የሚል ነው። የዚህን መልስ እየጠበቅን ነው፤ በሚቀጥለው የበጀት ውይይት ላይም እንደገና እናነሣዋለን።